ምሰሶው ያየው ጭስ

ሷሊሕ ኑሩ የሚጠላውን ሰው በየማለዳው ከአሥራ አራት ሜትር ከፍታ ላይ ሆኖ ቁልቁል ያየው ነበር።

ሱብሒ ይሰግድና ሽርጡን ጉልበቱ ድረስ ሰብስቦ ካጠበቀ በኋላ የብረቱን መሰላል ይያያዘዋል። ዕድሜው ከሃምሳ አልፏል፤ መሰላሉን ሲወጣ ግን አያለከልክም። ጫፍ ሲደርስ የጀውሃ ዳር የግራር ደን ከእግሩ በታች ይዘረጋል። በምዕራብ በኩል ደጋው ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ በምሥራቅ ሜዳው ወደ አፋር ምድር እየወረደ በጭጋግ ይጠፋል፤ ወደ ካራቆሬ የሚከንፉት ሚኒባሶች ጥሩምባ ከሩቅ ይሰማል። ከደኑ ምሥራቃዊ ጫፍ፣ ከሸለቆው አፍ ላይ አዲስ ቆርቆሮ ያብለጨልጫል። የእንድሪስ ቤት ነው። እንድሪስ በዚያ ሰዓት ደጁ ላይ ቆሞ ጥርሱን ይፍቃል። ሷሊሕ የመሣሪያውን መስታወት የሚወለውልበትን ነጭ ጨርቅ በእጁ እንደያዘ መፋቂያው ከግራ ወደ ቀኝ ሲመላለስ ያያል።

«ፋቅ» ይላል ለራሱ። «ደህና አድርገህ ፋቀው። ያ ጥርስ የሚገለጥበት ቀን ይመጣል።»

ምሰሶው የተተከለው በ2001 ዓ.ም. ነበር። ያገሩ ሰው መጀመሪያ የስልክ ማማ መስሎት እልል አለ። ወር ሁለት ወር ጠብቆ ስልኩ እንደ ድሮው ዝም ሲል ጊዜ ንዴቱን በጠባቂው ላይ ተወጣ። «አንተ ሷሊሕ፣ እዚያ ላይ እየወጣህ ኔትወርኩን ብቻህን ትበላዋለህ አሉ!» የሚለው ብዙ ነው። ሷሊሕም፣ «እናንተ ስትናገሩ አይሰማም፤ ዛፉ ሲተነፍስ ነው የሚሰማው» ይላቸዋል። እንዲያ ሲል እየቀለደ ይመስላቸዋል እንጂ ያወራው እውነቱን ነበር።

ምሰሶውን ያስተከለችው መሠረት የምትባል የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ናት። ጫፉ ላይ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ፊት ለፊት የተፋጠጡ ጥፍሮች ይመስላል፤ ነፋሱን በሰከንድ አሥር ጊዜ ይለካል፤ ወደ ላይ ይሁን ወደ ታች፣ ከየትኛው አቅጣጫ እንደመጣም ያውቃል። ሁለተኛው መዳፍ በማትሞላ ክፍተት የሚተያዩ ሁለት የመስታወት ዓይኖች አሉት፤ በመካከላቸው የሚያልፈው አየር ውስጥ ስንት ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ስንት እንፋሎት እንዳለ ይቆጥራል። ከዚያ ዝቅ ብሎ ከፀሐይ የሚወርደውንና ከደኑ ተመልሶ የሚወጣውን ሙቀት የሚለኩ ሳህኖች ተቀምጠዋል።

«ደኑ ቀን ቀን ይጠጣል፣ ማታ ማታ ይተነፍሳል ጋሼ» ብላው ነበር መሠረት፣ ሥራ ባስጀመረችው ቀን። «የጠጣውንና የተነፈሰውን ዓመቱን ሙሉ ስንደምር፣ ከአየሩ የወሰደው ይበልጥ እንደሆን ወይ የሰጠው፣ ያን ጊዜ እናውቃለን።»

የሷሊሕ ሥራ የመስታወት ዓይኖቹን መወልወል፣ ተርብ ቤት እንዳይሠራ መከላከል፣ የፀሐይ ሰሌዳውን አቧራ ማጥራት፣ በወሩ መጨረሻ የመረጃውን ካርድ መቀየርና ማስታወሻ ደብተር መሙላት ነበር። ደብተሩ ላይ ቀንና ሰዓት አለ፤ ዝናብ አለ፤ ከታች ደግሞ «ጭስ» የሚል መስመር አለ። በመጀመሪያው ወር አንድ ገበሬ የማሽላ ገለባ ሲያቃጥል አይቶ «ታየ» ብሎ ጻፈበት።

«ይሄን ጭስ ያልሁበትን ምን ታደርጊዋለሽ?» አላት ስትመጣ።

«እጥለዋለሁ።»

«ምነው?»

«ጭሱ የደኑ ትንፋሽ አይደለማ! ሰው ያነደደው ከደኑ ጋር ከተደባለቀ ድምሩ ውሸት ይሆናል። ስለዚህ እርስዎ ጭስ ያሉበትን ሰዓት እየለቀምሁ ከሒሳቡ አወጣለሁ።»

«ማሽኑ ግን ጭሱ ከየት በኩል እንደመጣ ያውቀዋል?»

«ነፋሱ ይዞት ሲመጣ ያውቀዋል።»

ያቺ ቃል ከዚያ ቀን ጀምሮ በሷሊሕ ልብ እንደ እሾህ ተሰክታ ቀረች።

የሷሊሕ ቂም የጀመረው ከምሰሶው ሦስት ዓመት በፊት ነው። በ1998 ሸለቆው ውስጥ ሠላሳ ያህል ግራር ተቆርጦ ተገኘና እንደ አገሩ ደንብ አውጫጭኝ ተጠራ። አውጫጭኝ ሲጠራ የመንደሩ ሰው ሁሉ ይሰበሰባል፤ ጥፋተኛው እስኪለይ እርሻም ገበያም የለም። ያየ ሰው ግን በአደባባይ አይናገርም። ወደ ሽማግሌዎቹ ጠጋ ብሎ በጆሯቸው ሹክ ይላል። ያ ሰው ወፍ ይባላል፤ የወፍ ስም ደግሞ አይጠየቅም። በዚያን ጊዜ ወፉ፣ «አንዋር ሷሊሕ» አለ። ቤቱ ሲፈተሽ ከጓሮ፣ ከተከመረው የማሽላ አገዳ ሥር ሰባት ጆንያ ከሰል ወጣ።

የሷሊሕ ልጅ አንዋር ያን ጊዜ ሃያ ዓመቱ ነበር። ሁለት ዓመት ታስሮ ወጣ። ሲመለስ የታጨችለት ኑርሃን ለማጀቴ ከተማ ሰው ተድራለች። ደቦ የሚጠራው የለም። ስሙም ቀርቶ «ከሰሌ» ሆነ። ሕፃናት ሳይቀሩ «ከሰሌ መጣ» እያሉ መንገድ ይለቁለታል። አንዋር አይቆጣም። ማሾውን ይዘራል፣ ይኮተኩታል፣ ማታ አጎንብሶ ይበላል። ሷሊሕን እንቅልፍ የሚነሳው ይኸው ዝምታው ነበር።

የወፉን ስም ለማወቅ ሷሊሕ ማንንም መጠየቅ አላስፈለገውም። ከአውጫጭኙ አራት ቀን ቀደም ብሎ አንዋር ሸለቆው ውስጥ እንድሪስን ከሰል በአይሱዙ ሲያስጭን አግኝቶት ነበር፤ የዋህ ነውና፣ «ጋሼ፣ ይሄ የደን ማኅበሩ ነው?» ብሎ ጠየቀው። እንድሪስም፣ «አዎ ልጄ፣ የማኅበሩ ነው» አለው። በአራተኛው ቀን ሰባቱ ጆንያ ከነሷሊሕ ጓሮ ተገኘ። አንዋር በሽማግሌዎቹ ፊት ይህን ሲናገር ማንም አልሰማውም፤ ከሰል ከጓሮው የወጣበት ሰው ምን ይላል? እንድሪስ ግን የደን ጥበቃ ማኅበሩ ሊቀመንበር ሆነ። ሸለቆውን የመዞር ኃላፊነት ለራሱ ወሰደ፤ በየቀኑም መዝገቡ ላይ እየፈረመ ለወረዳ ይልካል።

በ2002 የጥምቀት ማግስት፣ ጥር አሥራ ሁለት ቀን፣ ሷሊሕ ምሰሶው ላይ ሆኖ ከሸለቆው ቀጭን ጭስ ሲወጣ አየ።

የገለባ ጭስ አይደለም። የገለባ ጭስ ወዲያው ይነሳል፣ ወዲያው ይጠፋል። ይህ ከአፈር ሥር የሚወጣ፣ ሰማያዊ፣ የሰነፈ ጭስ ነው፤ ግንዱን ቀብረው ሲያከስሉ የሚወጣው። የማለዳው ነፋስ ከምሥራቅ ቀስ ብሎ እየገፋ አመጣው፤ ሷሊሕን አልፎ በመስታወት ዓይኖቹ መካከል ሾለከ። ዓይኖቹ ቆጠሩት።

አንገቱ ላይ ፊሽካ አለ። ፊሽካውን ቢነፋ ሰው ይሰበሰባል። እጁን ሰደደና ፊሽካውን ያዘ። ከዚያ አሰበ። ብነፋ ሊቀመንበሩ ቀድሞ ይደርሳል። «ማነው ይሄን ያደረገ!» ብሎ ከሁሉ በላይ ይጮሃል። ጉድጓዱ ይታፈናል፤ ማታ ደግሞ አንድ ወፍ ወደ ሽማግሌ ቤት ይሄዳል፤ ነገ ከሰሌ እንደገና ይያዛል።

ፊሽካውን ለቀቀው። ወርዶ ደብተሩን ከፈተ። ቀኑን ጻፈ፤ ሰዓቱን ጻፈ፤ ዝናብ «የለም» አለ። እርሳሱ ጭስ የሚለው መስመር ላይ ሲደርስ ቆመ። «ታየ» ብሎ ከጻፈ ልጅቷ ትጥለዋለች። «አልታየም» ብሎ መጻፍ ደግሞ እጁ እንቢ አለው። ባዶውን ተወው።

በነጋታውም ጭሱ ነበር። በሠልስቱም። ሷሊሕ በየቀኑ የመስታወት ዓይኖቹን እንደ ሙሽራ ዓይን እየኳለ አጠራቸው፤ ያን ያህል ተጠንቅቆ ወልውሏቸው አያውቅም። ከሰዓት በኋላ፣ እንድሪስ ሸዋ ሮቢት ሲወርድ፣ ሸለቆው ውስጥ ይገባና ጉቶ ይቆጥራል። አሥራ አንድ። አሥራ ዘጠኝ። ሠላሳ። አንደኛው ግራር ላይ የራሱ ቀፎ ተሰቅሎ ነበር። ዛፉን ሲጥሉት ቀፎውን አውርደው ሥርዓት ባለው መንገድ ድንጋይ ላይ አስቀምጠውለታል። ንቦቹ ሄደዋል። ሷሊሕ ቀፎውን በእጁ አንኳኳው፤ እንደ ባዶ ነገር ጮኸ። ተቀምጦ ትንሽ ከቆየ በኋላ ተነሥቶ ቆጠራውን ቀጠለ።

ቤት ሲገባ ሚስቱ ሐቢባ ጋቢውን ተቀብላ አሸተተችው።

«ዛሬም አለ።»

«አለ።»

«ዛሬም አልተናገርህም።»

«አልተናገርሁም።»

«ሷሊሕ፣ አላህን አትፈራም? የምትጠብቀው ደን እኮ ነው! ለዚያ ነው የቆምኸው!»

«ዛፍ ይበቅላል።»

«እነዚያ ግራሮች አንተ ሳትወለድ የነበሩ ናቸው።»

«ልጄም አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተወለደው» አላት። ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር አልተነጋገሩም፤ ሐቢባ ጋቢውን በየማታው ማጠብ ጀመረች እንጂ።

ጭሱ ጥር ሠላሳ ቀን ቆመ። ደግሞ አይሱዙ መጥቶ ሄደ።

መሠረት በየካቲት መጀመሪያ ስትመጣ ፊቷ ገርጥቷል። ምሰሶው ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ላፕቶፗን ጭኗ ላይ ከፈተች።

«ጋሽ ሷሊሕ፣ ይህ ደን ታሟል እንዴ?»

«ምን ሆነ?»

«ከጥር አሥራ ሁለት ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ካርቦኑ ወደ ላይ ይዘላል። ፀሐይ ወጥቶ ቅጠሉ መጠጣት ሲገባው ይተፋል! መሣሪያው ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ ሳምንቱን ሙሉ ስመረምር ነው የከረምሁት። ባለው ከደመርሁ ዓመቱን ሙሉ ይህ ደን ለአየሩ ከሰጠው የወሰደው ያንሳል ልል ነው። ለማን ብዬ ነው እንዲህ ያለ ነገር የማሳየው?»

«መሣሪያው አልተበላሸም።»

«እንዴት አወቁ?»

«ጭስ ነው።»

ደብተሩን ከእጁ ነጥቃ ገጹን ገለጠች። አንዱን ቀን አየች፤ ሌላውን አየች። «መስመሩ ባዶ ነው እኮ።»

«ባዶ ነው።»

«ረስተው ነው?»

«ሃምሳ አራት ዓመቴ ነው እንጂ ዘጠና አልሞላኝም። ብጽፈው ትጥይዋለሽ ብዬ ነው።»

ሁሉንም ነገራት፤ ጆንያውን፣ ወፉን፣ ሁለቱን ዓመት። መሠረት እየሰማች ቆየችና፣ «ደኑ አሥራ ዘጠኝ ቀን ሲከስል እያዩ ዝም አሉ?» አለች።

«ዝም አልሁ።»

«እኔ አሁንም እጥለዋለሁ። አሁንማ የግድ ነው።»

«ከድምርሽ አውጪው። ግን ከማውጣትሽ በፊት በወረቀት ጻፊልኝ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ነፋሱ የመጣበትን። ሌላ ነገር አልፈልግም።»

«እኔ የማውቀው ነፋሱ ከየት እንደመጣ ነው። ማን እንዳከሰለ አላውቅም።»

«እሱን ለእኔ ተይው።»

ላፕቶፑን ዘጋች። «የተጻፈው እውነት ስለሆነ እሰጥዎታለሁ» አለች ቀስ ብላ። «ግን ይህን ደብተር እርስዎን አምኜ ነው የሰጠሁት። አሁን ከዚህ በፊት ያሉት ባዶ መስመሮች ሁሉ ምን እንደሆኑ በምን ላውቅ ነው? ከዛሬ ጀምሮ ካርዱን እኔ ራሴ ነኝ የምቀይረው።»

በዚያ ሁሉ ወራት የሷሊሕን አንገት ያስደፋው ነገር ይህ ብቻ ነው። በሦስተኛው ቀን ሸዋ ሮቢት ታትሞ የመጣ አንድ ወረቀት ደረሰው፤ አሥራ ዘጠኝ መስመር። አጥፎ ደረቱ ኪስ ውስጥ ከተተውና በቀጥታ ወደ ጋሽ ንጉሤ ቤት ሄደ። ጋሽ ንጉሤ አውጫጭኝ የሚመሩት ሽማግሌ ናቸው። ስለ ወረቀቱ አላነሳም። ሸለቆው ውስጥ አስገብቶ ጉቶዎቹን አሳያቸው።

አውጫጭኙ የተጠራው ከጀውሃ ድልድይ በታች፣ ወንዙ ደርቆ አሸዋው በተዘረጋበት ነው። ሁለት መቶ ሰው ያህል ተቀምጧል። ጋሽ ንጉሤ መካከል ላይ፣ ሼሁ ቁርኣናቸውን ታቅፈው በቀኛቸው፣ የትምህርት ቤቱ መምህርት ሐይማኖት ለጸሐፊነት በግራቸው። አንዋር የለም፤ አንድ ጊዜ ወፍ የጠራው ሰው ከመሐላ ስለማይቆጠር ማንም አልጠራውም።

መጀመሪያ የተነሣው እንድሪስ ነው።

«ወገኖቼ፣ ደኑ ተደፈረ!» አለ። «እኔ በበኩሌ ሰው መጠርጠር አልወድም። ግን የለመደ እጅ...» ብሎ ተቀመጠ። ሰው ሁሉ የቀረውን በሆዱ ሞላው።

ሷሊሕ ተነሣ። «አንድ ነገር ልጠይቅ። በጥር ሸለቆውን የዞረ ማን ነው?»

«ማን ይሆናል ብለህ? እኔ ነኛ!» አለ እንድሪስ። «አንድ ቀን ሳላጓድል! አንተ ሰማይ ላይ ስትንጠለጠል እኔ በእግሬ ስዞር ነው የከረምሁት። መዝገቡ ይኸው!» መዝገቡን ከኮቱ አውጥቶ ለጋሽ ንጉሤ በሁለት እጁ ሰጠ።

ሷሊሕ ይህን ቀን አራት ዓመት ጠብቆታል፤ ስለዚህ አልቸኮለም። መዝገቡ ከጋሽ ንጉሤ ጉልበት ላይ እስኪያርፍ ጠበቀ።

«እንግዲያው እኔ ወፍ አምጥቻለሁ» አለ።

«ወፍ በጆሮ ነው የሚናገረው» አሉ ጋሽ ንጉሤ ቆጣ ብለው። «ደንቡን ታውቃለህ።»

«ይሄኛው ወፍ ሰው አይፈራም ጋሽ ንጉሤ። ያውላችሁ፣ ምሰሶው ላይ ነው።»

ሳቅ ሆነ። «ኔትወርክ አገኘሁ በለና!» አለ አንዱ ከኋላ። እንድሪስም ከሁሉ አስበልጦ ሳቀ፤ የተፋቀው ጥርሱ እንዳለ ታየ። «ወፍ ነው? ክንፉን እስቲ አሳየን!»

ሷሊሕ ወረቀቱን ለሐይማኖት ሰጣት። «አንቺ ይሄን አንብቢ። ጋሽ ንጉሤ ደግሞ የዚያኑ ቀን ከመዝገቡ ያንብቡልን።»

ሐይማኖት ጀመረች። «ጥር አሥራ ሁለት። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል እስከ አራት። ጭስ። ነፋስ ከምሥራቅ፣ ከሸለቆው።»

ጋሽ ንጉሤ መነጽራቸውን አስተካከሉ። «ጥር አሥራ ሁለት። ሸለቆውን ዞሬ አይቻለሁ፣ ሰላም ነው። እንድሪስ።»

«ጥር አሥራ ሦስት። ከሁለት ሰዓት እስከ ሦስት ተኩል። ጭስ። ከምሥራቅ፣ ከሸለቆው።»

«ጥር አሥራ ሦስት። ዞሬ አይቻለሁ፣ ሰላም ነው። እንድሪስ።»

እስከ አራተኛው ቀን ድረስ ሰው ይስቅ ነበር። በስድስተኛው ሳቁ ቀነሰ። በአሥረኛው አሸዋው ላይ የሚሰማው የሁለቱ ድምፅ ብቻ ሆነ፤ አንዱ ጭስ ይላል፣ አንዱ ሰላም ይላል። ሷሊሕ ወረቀቱንም መዝገቡንም አላየም። የሚያየው የእንድሪስን ከንፈር ነበር፤ በአሥራ አምስተኛው ቀን ላይ ጥርሱን ሸፈነው።

«ማሽን ይሳሳታል!» አለ እንድሪስ፣ አሥራ ዘጠነኛው ተነቦ ሲያልቅ።

«ጉቶውም ተሳሳተ?» አለች አንዲት ሴት።

እንድሪስ ዞር ዞር ብሎ አየና ድንገት ዓይኑ ሷሊሕ ላይ አረፈ። የብልጥ ሰው ዓይን ነው። «እሺ። ጭስ ነበር እንበል። እኔ ሸለቆ ውስጥ ሆኜ ካላየሁ፣ ይሄ ሰውዬ በየማለዳው ሰማይ ላይ ወጥቶ እንዴት አላየም? ፊሽካው አንገቱ ላይ አይደለም? ማነው ታዲያ የዋሸው?»

ሁለት መቶ ፊት ወደ ሷሊሕ ዞረ። «አላየሁም» ቢል ይበቃው ነበር፤ ግን እሱ ያላየውን ጭስ ማሽኑ አየ ብሎ ማን ያምናል?

«አይቻለሁ» አለ። «አሥራ ዘጠኙንም ቀን አይቻለሁ።»

«አይተህ ነው ዝም ያልኸው?» አሉ ጋሽ ንጉሤ።

«ብነፋ ጉድጓዱን ታፍኑት ነበር። እኔ የፈለግሁት ጉድጓዱን አይደለም። ሰውዬውን ነው።»

ማጉረምረም ተነሣ። ሼሁ ግን እጃቸውን አነሡና ጸጥ አሰኙ። ቁርኣኑን ወደ እንድሪስ ዘረጉ። «የሷሊሕን ኋላ እናየዋለን። አንተ ማል። እኔ አላከሰልሁም፣ ሲከስልም አላየሁም በልና እጅህን አኑር።»

እንድሪስ እጁን አነሣ። እጁ መንገድ ላይ ቀረ። ሰው ሁሉ ያን እጅ ያይ ነበር። ቀስ ብሎ ተመለሰና ጉልበቱ ላይ አረፈ።

«የአንዋርስ ሰባት ጆንያ?» አሉ ሼሁ።

«... የእኔ ነበር» አለ እንድሪስ፣ ለአሸዋው።

ከሴቶቹ መካከል ሐቢባ አንድ ጊዜ ብቻ ጮኸች፤ ከዚያ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

«መንግሥት የራሱን ነገ ያደርጋል» አሉ ጋሽ ንጉሤ። «የእኛ ግን ዛሬ ነው። ድንጋይ አንሣ።»

ደንቡ ግልጽ ነው። የበደለ ሰው በባዶ እግሩ ድንጋይ ተሸክሞ በተበደለው ፊት ይቆማል፤ የተበደለው «አውርድ» እስኪለው አያወርድም። እንድሪስ ጫማውን አወለቀ። ከወንዙ ድንጋይ አንዱን፣ የጎመን ድስት የሚያህለውን፣ ማጅራቱ ላይ ጭኖ መጣና ሷሊሕ ፊት አጎንብሶ ቆመ።

ሷሊሕ «አውርድ» አላለውም።

ፀሐይ አናት ላይ ናት። አሸዋው ይፋጃል። እንድሪስ አንዱን እግሩን አንሥቶ ሌላውን ይተክላል። ላብ ከአፍንጫው ጫፍ ላይ ተሰብስቦ አንድ አንድ ጠብታ ይወድቃል፤ ሷሊሕ ይቆጥረው ጀመር። ጠምቶት የጠጣው ውሃ እንኳ እንደዚያ የጣፈጠው ጊዜ ትዝ አይለውም።

«ሷሊሕ፣ አውፍ በለው እንጂ፣ ይቅር በለው» አሉ ሼሁ። «ፀሐዩ በረታ።»

«ፀሐዩ ለሁላችንም እኩል ነው ሼህ።»

«ሰውዬው አመነ እኮ!»

«ልጄ ሁለት ዓመት ቆሟል። ይቁም።»

«የተበደለው እሱ ነው እንዴ?» አለች ሐይማኖት ቀስ ብላ። «ልጁ አይደል?»

ጋሽ ንጉሤ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ፤ ያልታሰባቸው ነገር ነበር። ሰው ተላከ። አንዋር ከማሾ ማሳው መጣ፤ እጁ አፈር ነው። አራት ዓመት ከተገለለበት ስብሰባ ውስጥ ሲገባ ሰው መንገድ ለቀቀለት፤ «ከሰሌ» ያለ ግን የለም። ሐይማኖት የሆነውን ነገረችው። አንዋር ድንጋዩን የተሸከመውን ሰው ረጅም ጊዜ አየው። ሷሊሕ የልጁን ፊት እየጠበቀ ነው፤ ቁጣ ይሁን ደስታ፣ የፈለገው ይሁን፣ ብቻ አንድ ነገር።

«ስንት ግራር ወደቀ?» አለ አንዋር።



«አርባ ሁለት» አለ ሷሊሕ።

«አባ፣ በመጀመሪያው ቀን ፊሽካውን ብትነፋውስ?»

ሷሊሕ አሰበ። መዋሸት ይችል ነበር። «ሁለት» አለ። «ቢበዛ ሦስት።»

አንዋር የእጁን አፈር ሱሪው ላይ ጠረገ። «ለእኔ ከሆነ ያውርድ። ጋሽ እንድሪስ፣ አውፍ ብያለሁ። ለግራሮቹ ከሆነ ግን አንድ ድንጋይ አይበቃም» አለ። ወደ አባቱ አላየም። ዞሮ በመጣበት መንገድ ወደ ማሾው ሄደ።

ከዚያ፣ «ለግራሮቹ ማን ነው አውፍ የሚለው?» አለ አንድ ሽማግሌ።

«ወፉን ጠይቁት!» አለ ያው የኋለኛው ሰው። ጥቂቶች ሳቁ።

ጋሽ ንጉሤ ጢማቸውን ዳበሱ። «ግራር አፍ የለውም። ስለዚህ የዓስር አዛን እስኪጠራ ይቁም» አሉ። ከዚያ ሷሊሕን አዩት።

ሷሊሕ ተነሣ። ማንም አላዘዘውም። ሽርጡን አጥብቆ ወደ ወንዙ ድንጋይ ሄደ። አንዱን አነሣ፤ ወደ እንድሪስ ድንጋይ አየና መልሶ አስቀመጠው፤ አነሰ። ሌላ መረጠ። ለማንሣት ሁለት ጊዜ ሞከረ። ማጅራቱ ላይ ሲያሳርፈው አከርካሪው ቋ አለ። ጫማውን በእግሩ ገፍቶ አውልቆ፣ መጥቶ ከእንድሪስ ጎን ትከሻ ለትከሻ ቆመ። አሸዋው የውስጥ እግሩን እንደ ምጣድ ጠበሰው።

«አሁን ደስ አለህ?» አለ እንድሪስ፣ ጥርሱን ነክሶ።

«በጣም።»

«አንተም እኮ ተሸክመሃል፣ ጅል።»

«ተሸክሜያለሁ።»

ዓስር ሊጠራ ሁለት ሰዓት ያህል ይቀራል። የእንድሪስ ቀኝ ጉልበት መንቀጥቀጥ ጀምሯል፤ ሷሊሕ ሳያየው ሽርጡ ሲርገበገብ በጎኑ ይሰማዋል። የራሱም ጉልበት እንደዚያው ነው። ግን ዓመት ሙሉ በየማለዳው መሰላል የወጣ ጉልበት ነው። ዓስር ቢጠራም፣ ሽማግሌው አውርዱ ቢሉም፣ ሁሉም ተነሥቶ ቢሄድም፣ ያ ሰው ቀድሞ ሳያወርድ እሱ እንደማያወርድ በልቡ ማለ። ድንጋዩን ወደ ላይ ነቅነቅ አድርጎ አመቻቸና መቆሙን ቀጠለ።